ድምፁ አሥመራ የቀረ ፊልም

ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ ያለው የገርጂ ሜዳ በዚያ ዘመን ገና በቤት አልተሞላም፤ የበልግ ዝናብ ያረሰረሰውን ሣር የሚግጡት ከብቶችም የሚያርፈውንና የሚነሣውን አውሮፕላን ከመልመዳቸው የተነሣ ቀና ብለው አያዩትም ነበር። በዚያ ዕለት ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ የአሥመራው አውሮፕላን መንገደኞቹን ካራገፈ ግማሽ ሰዓት አልፎት ሳለ፣ ወይዘሮ መኪያ አብዱልገኒ ከመውጫው በር ፊት ለፊት ቆማ፣ የሦስት መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበትን የጉምሩክ ፈቃድ ደረቷ ላይ ይዛ ትጠባበቅ ነበር። የምትጠብቀው አንድ ሰውና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ አሥራ አንድ የድምፅ ቴፕ አለ፤ በቴፖቹ ውስጥ ደግሞ ከሦስት ወር በፊት የሞቱት የአባቷ ድምፅ አለ።

መኪያ በወሎ ሰፈር ያደገች የሾፌር ልጅ ናት። በቀድሞው መንግሥት ዘመን በፊልም ሥራ አሥራ አንድ ዓመት አገልግላ፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና መሥሪያ ቤቷ ሠራተኛ ሲቀንስ ስሟ ከተቀናሾቹ መካከል ቢነበብ፣ ደጅ ልጥና አላለችም፤ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ የአንድ ቪላ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ፣ ከናይሮቢ ያገለገለ የፊልም መቁረጫ ጠረጴዛ አስመጥታ የራሷን ሥራ ጀመረች። ካሜራውን ከናይሮቢ ትከራያለች፤ ድምፅ ቀራጩን ከአሥመራ ትጠራለች፤ የተነሣውን ፊልም ሮም ልካ ታሳጥባለች፤ ታሪኩን ደግሞ ከጅቡቲ እስከ ሞያሌ እየዞረች ትለቅማለች። የወሎ ሰፈር ሰው ይህን ሥራ ምን ብሎ እንደሚጠራው ግራ ቢገባው «የፊልም ነጋዴዋ» ይላት ነበር፤ እናቷ ወይዘሮ ሳጂዳ ግን «ሮም ድረስ ሄዶ የሚታጠብ፣ ታጥቦም የማይለበስ ነገር ምን ይረባታል?» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁበት ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የጀመረችው ፊልም ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይለይባት ነበር፤ ስለ አሰብ መንገድ ነውና። አባቷ ሐጂ አብዱልገኒ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ኤንትሬ የሚሉትን የፊያት መኪና ከነተሳቢው ይዘው አዲስ አበባና አሰብን ተመላልሰውበታል፤ በንጉሡ ጊዜ ነድተዋል፤ በደርግ ጊዜ በኮንቮይ ነድተዋል፤ ኤርትራ ራሷን ችላ በመንገዱ ላይ ኬላ ሲቆምም ኬላውን እያለፉ ነድተዋል። መኪያ ጡረታ የወጡትን ሽማግሌ እንደገና መሪ አስጨብጣ ያን መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ አስነዳቻቸው። ካሜራው ከጎናቸው ነበር፤ ከበስተኋላቸው ደግሞ ድምፅ ቀራጩ ተስፋማርያም ማይክሮፎኑን ይዞ እግሩን አጥፎ ተቀምጦ ነበር።

ተስፋማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ከመኪያ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራ፣ ኤርትራ ነጻነቷን ባወጀች ሰሞን ቤተሰቡን ይዞ አሥመራ የገባ ሰው ነው። አንዲት ዝንብ ጥዝ ካለች ሥራውን ሁሉ የሚያስቆም፣ በዚህም የተነሣ በካሜራ ሠራተኞች ዘንድ የሚታማ፣ ነገር ግን ተወዳዳሪ የሌለው ባለሙያ ነበር። ሥራው አሰብ ወደብ ላይ ሲያበቃ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ተከፋፈሉ፤ እርሷ የፊልም ጣሳዎቹን ይዛ በመጣችበት ተመለሰች፤ እርሱ ቴፖቹን ሊያጸዳቸው ይዞ አሥመራ ገባ። ነገሩ የሚያሳስብ አልነበረም፤ አሥመራ ማለት ቁርስ በልተው ተነሥተው ለምሳ የሚደርሱባት ከተማ ነበረችና።

የካቲት ላይ ሐጂ አብዱልገኒ በድንገት ዐረፉ። ወይዘሮ ሳጂዳ ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ሐዘኑ ጋብ ሲል ልጃቸውን አስጠርተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ምስሉን ዐይን ላለው አሳዪው» አሏት፤ «ለኔ ድምፁን አምጪልኝ።»

መኪያም ቃል ገባች። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ከአሥመራ የመጣው ፋክስ አጭር ነበር፦ «ግንቦት 4 ቴፖቹን ይዤ ቦሌ እገባለሁ። ለነጻነት በዓሉ ሥራ ስለምፈለግ ያለኝ ፈቃድ የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ በዚያው አውሮፕላን እመለሳለሁ። የጉምሩኩን ወረቀት ይዘሽ በር ላይ ጠብቂኝ።»

እነሆ ግንቦት 4 ሆነ፤ እርሷም በር ላይ ቆመች። መንገደኛው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ ሻንጣ ገፊዎቹም ተበተኑ፤ የአየር መንገዱን ሠራተኛ ብትጠይቀው ዝርዝሩን አገላብጦ «በዚህ ስም የመጣ መንገደኛ የለም» አላት። የቢሮዋ ስልክ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ስለዚህ በቦሌ መንገድ ወዳለው የቴሌ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ተራ ይዛ አሥመራ አስደወለች።

«ተስፋማርያም፣ ምነው ቀረህ?»

«እኔ ነኝ የቀረሁት? መኪ፣ እኔማ መጥቼ ተመለስኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል በር ላይ ተገትሬ፣ ስልክሽን ብደውል ብደውል ማን ያንሣው። ወረቀት ከሌለህ ሣጥኑ አይገባም አሉኝ፤ መጋዘን ተወው ቢሉኝ ልቤ እምቢ አለኝ። ይዤው ተመለስኩ።»

«መቼ ነው የመጣኸው?»

«ባልኩሽ ቀን ነዋ፣ ግንቦት አራት።»

«ግንቦት አራት እኮ ዛሬ ነው።»

«ዛሬ ግንቦት ዐሥራ ሁለት…» አለና ቃሉን ሳይጨርሰው ተወው።

ነገሩ ወዲያው ለሁለቱም ገባቸው። ኤርትራ ነጻ ከወጣች ወዲህ ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ታድርገው እንጂ የወሮቹን ስም አልለወጠችም ነበር፤ በአሥመራ ግንቦት ሲባል ፈረንጆቹ ሜይ የሚሉት ወር ነው፤ በአዲስ አበባ ግንቦት ሲባል ከዚያ ስምንት ቀን ዘግይቶ የሚገባው ነው። አንድ ስም፣ አንድ ፊደል፣ ሁለት ቀን። መኪያ አሥመራ ስትመላለስ ይህን ታውቅ ነበር፤ ተስፋማርያምም በአዲስ አበባው ቀን ተወልዶ አርባ ዓመት ኖሮበታል፤ ነገር ግን የሚያውቁትን ነገር ማን ቆም ብሎ ያስበዋል? እርሱ በር ላይ በቆመባት ሰኞ፣ በእርሷ ቀን ሚያዝያ 26፣ መኪያ ከአውሮፕላን ማረፊያው የአሥር ደቂቃ መንገድ በማትርቀው ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ሻይ እየጠጣች ሌላ ፊልም ትቆርጥ ነበር።

«ስሙን ተካፍለን ቀኑን ሳንካፈል ቀረን በለኛ» አለች መኪያ፤ ሳቋም መጣ። እርሱም ሳቀ፤ መስመሩ እየተንኮሻኮሸ ሁለቱ ከልባቸው ተሳሳቁ።

«በሚመጣው ማክሰኞ እመጣለሁ» አለ፤ «ማክሰኞ እንኳ በሁለታችንም ዘንድ ማክሰኞ ነው።»

በዚያው ዕለት በባድመ በኩል የሆነውን ግን አንዳቸውም አልሰሙም ነበር። በማግሥቱ ራዲዮው ተናገረ፤ የወሎ ሰፈር ሰው በየሱቁ በር ላይ ቆሞ አዳመጠ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ እየተቻኮለ ሄደ። የተባለው ማክሰኞ ሲደርስ ከአሥመራ የሚመጣ አውሮፕላን አልነበረም፤ ጥቂት ቆይቶ ስልኩም ተቋረጠ፤ የአሰብ መንገድም ተዘጋ፤ ከወደቡ የተመለሱት የመጨረሻዎቹ ባለተሳቢ መኪኖች በወሎ ሰፈር ጋራዦች ደጃፍ ሥራ ፈትተው ቆሙ።

ሰኔ ላይ የታጠበው ፊልም ከሮም መጣ። መኪያ ጠረጴዛው ላይ ጠምጥማ ስታስኬደው አባቷ መሪውን ይዘው ብቅ አሉ፤ ያወራሉ፤ ይቆጣሉ፤ በእጃቸው ያመለክታሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም። ከሁሉ ይልቅ አንዲት ምስል ታንገበግባት ነበር። መኪያ በኤርትራ ድንበር ባለው ቡሬ ኬላ ላይ ወርዳ ወረቀት ስታስፈትሽ፣ ካሜራው ሳይጠፋ ቀርቶ፣ አባቷ ወደ ኋላ ዞር ብለው ለተስፋማርያም አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል አንድ ነገር ሲናገሩ ያሳያል። ምን እንዳሉ እርሷ አልሰማችም። ስለ እኔ ይሆን? ስለ እናቴ? የሚሞቱ መሆናቸውን ዐውቀው ይሆን? ከንፈራቸውን እያየች ቃል ትገምታለች፤ የገመተችውን ትጽፋለች፤ በማግሥቱ ትሰርዘዋለች።

እናቷ አንዳንድ ቀን መጥተው አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። የሚሰሙት የጠረጴዛውን መንኮራኩር ብቻ ነው።

«አሁን ምን አለ?»

«ገና ነው እማዬ፤ ድምፁ አሥመራ ነው።»

«እንዲያው አሥመራ ምን ይሠራል?» ይሉ ነበር።

ነሐሴ ላይ አቶ ገብረሃንስ አስጠሯት። እኒህ ሰው የቀድሞ አለቃዋ ነበሩ፤ አሁን የማስታወቂያ ሥራ ይሠራሉ፤ ሲኤምሲ ባለው ቪላቸው በረንዳ ላይ አስቀምጠው በጥሩ አቀባበል አነጋገሯት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚሏትም ሁሉ ለእርሷ አስበው ነበር።

«ዛሬ በየቤቱ የሚወራው ስለ አሰብ ነው» አሉ። «ፊልሙን ለመስከረም አድርሺው፤ አዳራሽ እኔ አገኝልሻለሁ። ለአባትሽ ደህና የቲያትር ሰው እንፈልግና ድምፅ እንስጣቸው።»

«አባቴ ምን እንዳሉ እኔም አላውቅም፤ ተዋናዩ ከየት ያውቀዋል?»

«ሊሉት የሚገባውን ይላላ። ሌላው ደግሞ የዚያ ሰውዬ ስም ነው፤ የድምፅ ቀራጩ። እሱ ይውጣ። እኔ አይደለሁም፣ ጊዜው ነው የሚልሽ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ ያስተማሩኝ ሥራውን የሠራ ሰው ስሙ እንዲጻፍ ነው።»

«ያን ጊዜ ያስተማርኩሽ በሰላም ጊዜ የሚሠራ ነው» አሉና ሻይዋን በእጃቸው ቀዱላት።

እውነቱን ለመናገር መኪያ በዚያ ቀን ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከሲኤምሲ እስከ መገናኛ ታክሲ ሞልቶ ሳለ በእግሯ የመጣችው ለዚህ ነው። ሁለት የውጭ አገር ሥራዎች በጦርነቱ ሰበብ ተሰርዘውባታል፤ ይህ ፊልም ካልወጣ ሰርቪስ ቤቱን መልቀቋ ነው፤ እናቷ ደግሞ እያረጁ ነው። የተዋናይ ድምፅ ብታሰማቸው ምናልባት ይቀበሉት ይሆን ብላ አሰበች፤ እንዲህ በማሰቧም አፈረች። ለሠላሳ ዓመት ከደጅ ሲጣራ የለዩትን ድምፅ በሌላ ሰው ጉሮሮ አስመስሎ እናቷን ማታለል ነውር ሆኖ ታያት፤ መገናኛ ስትደርስ ሐሳቧን ቆርጣ ለአቶ ገብረሃንስ የእምቢታ ደብዳቤ ለመጻፍ ወስና ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ ከናይሮቢ ፋክስ መጣ። ላኪው ሚስባህ የሚባል፣ ናይሮቢ የከተመ፣ ለመኪያ ካሜራ የሚያከራያት የሐረር ሰው ነው፤ ጽሑፉ ግን የተስፋማርያም ነበር፦ «በካይሮ ዞሬ ናይሮቢ እመጣለሁ፤ ሚስባህ ሱቅ እንገናኝ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ በአንቺ ኅዳር 12፣ በእኔ ኅዳር 21፣ በእናትሽ ሻዕባን 2። ከዚህ በኋላ ብትሳሳቺ ጥፋቱ ያንቺ ነው።»

አልተሳሳተችም። ናይሮቢ ነሐሴ ላይ በፈነዳው ቦምብ ምክንያት ገና በፍተሻ ተጨናንቃ ነበር፤ በየበሩ ቦርሳ ይከፈታል። ተስፋማርያምን በሚስባህ ዕቃ ቤት ውስጥ በካሜራ ሣጥኖች መካከል ቁጭ ብሎ አገኘችው፤ ከስቷል፤ ጠጉሩም ሸብቷል። ተቃቅፈው ሰላም ተባባሉ፤ እርሷ ስለ ታናሽ ወንድሙ አልጠየቀችውም፤ እርሱም ስለ አጎቷ ልጅ አልጠየቃትም፤ ሁለቱ ወጣቶች ያሉበትን ግንባር ሁለቱም ያውቁት ነበርና። ከዚያ በፎጣ የተጠቀለሉትን ቴፖች አንድ በአንድ አወጣላት። መለያ ጽሑፋቸው ሁሉ ተልጦ ቁጥር ብቻ ቀርቶባቸዋል።

«እጅ ጽሑፌን ልጬዋለሁ» አለ። «ከፊልሙም ላይ ስሜን እንዲሁ አድርጊልኝ።»

መኪያ ደነገጠች። «እኔ እኮ ለስምህ ብዬ ነው ሰው ያስቀየምኩት።»

«አውቃለሁ፤ ሚስባህ ነግሮኛል። ኮራሁብሽ። ግን መኪ፣ እኔ የምኖረው አሥመራ ነው፤ ሚስቴም ልጆቼም እዚያው ናቸው። አዲስ አበባ በተሠራ የአሰብ መንገድ ፊልም ላይ ስሜ ተጽፎ ቢገኝ፣ ለሚጠይቀኝ ሰው ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«ሌላ ስም ልጻፍልህ?»

«የለም፤ በሌላ ሰው ስም አይሁን። ያ ደግሞ ስርቆት ይሆናል።»

«እንግዲያው ቦታው ባዶውን ይቀመጣል።»

«ባዶውን ይቀመጥ» አለ፤ ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም የወረደለት መሰለ። ሲለያዩ በቡሬው ቴፕ ላይ አባቷ ምን እንዳሉ ጠየቀችው፤ እርሱ ግን ፈገግ ብሎ «ከራሳቸው ስሚው» ብቻ አላት።

ቦሌ ስትደርስ ሣጥኑ ለምርመራ አሥራ አንድ ቀን ተያዘ፤ ከዚያ ተለቀቀ። መኪያ ድምፁን ከምስሉ ጋር ለማጋጠም ሁለት ሳምንት ፈጀባት፤ የቡሬውን ቴፕ ግን እናቷ ሳይኖሩ ላለመስማት ወስና አቆየችው። ታኅሣሥ ላይ በአንድ እሑድ ጧት ወይዘሮ ሳጂዳን በላዳ ታክሲ ከወሎ ሰፈር አምጥታ፣ ጋቢ አልብሳ፣ ከጠረጴዛው ፊት አስቀመጠቻቸው።

ሐጂ አብዱልገኒ ተናገሩ። ባለአውቶቡሱን ሰደቡ፤ የመኪናቸውን ሞተር አመሰገኑ፤ ስለ ኮንቮዩ ዘመን አወሩ። ወይዘሮ ሳጂዳ በጣታቸው የጋቢውን ጥለት ያፍተለትሉ ነበር። ከዚያ የቡሬዋ ምስል መጣች። ተስፋማርያም በቴፑ ላይ «ሐጂ፣ ይህን መንገድ ዐይንዎን ጨፍነው ይነዱታል ይባላል» ሲል ተሰማ፤ ሽማግሌውም ዞር ብለው መለሱለት።

«ኮምቦልቻ፤ እዚያ ፍሬንህን ታያለህ። ባቲ፤ ሰኞ ከሆነ ገበያው አያሳልፍህም። ሚሌ፤ ጎማህን ታበርዳለህ። ሎግያ። ሰርዶ፤ ነፋስ አለ፤ መሪህን ጠበቅ። ዲቼኦቶ። ኤሊዳር። ማንዳ። ቡሬ፤ ይቺ ናት፤ ሻይዋ ጥሩ ነው። አሰብ።»

ይኸው ነበር። ኑዛዜ የለበትም፤ ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል የለበትም። መኪያን ለአንድ አፍታ ቅር አላት፤ ቀጥላ ግን አባቷ ልጃቸው ፓስፖርት ስታስፈትሽ በቆሙባት በዚያች ኬላ ላይ ሆነው የጠሩት ድንበሩን ሳይሆን ሻዩን ብቻ መሆኑን ልብ አለች። ወደ እናቷ ዞር ስትል ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ስሞቹን አብረዋቸው ይጠሩ ነበር፤ እንዲያውም ከእርሳቸው ቀድመው።

በወሎ ሰፈር የሾፌር ሚስቶች፣ ባላቸው መንገድ ላይ ሲሆን ሰዓት እየቆጠሩ በልባቸው አብረው ይጓዛሉ፤ አሁን ባቲን አለፈ፣ አሁን ሚሌ አደረ እያሉ ሥራቸውን ይሠራሉ። መኪናው በሰላም መድረሱ ሲሰማ የሚሉት አንድ ቃል ነው። ወይዘሮ ሳጂዳ ይህን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ብለውታል፤ ከየካቲት ወዲህ ግን የሚሉለት ሰው አልነበራቸውም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ፊታቸውን አበሱ። «ገባ።»

መኪያ አለቀሰች። እናቷ ግን ተነሥተው ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ወደ ቤት እንድትወስዳቸው ጠየቋት።

ፊልሙ በ1992 ዓ.ም. መስከረም ቦሌ ባለ አንድ ትንሽ አዳራሽ ለሦስት ቀን ታየ፤ ከዚያም በውጭ አገር በሁለት ከተሞች። ብዙ ሰው አላየውም፤ ስለ አሰብ ፉከራ ሊሰማ የመጣው ተመልካች የመኪና ጉዞ አይቶ እያጉረመረመ የወጣበት ቀንም ነበር። የታሪክ መጻሕፍት ግንቦት 4 ቀን 1990ን መዝግበዋል፤ መመዝገባቸውም ተገቢ ነው፤ በዚያ ቀን የተጀመረው ነገር የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ማንም ያውቀዋል። ከዚያ በፊት በነበረችው ሰኞ አንድ ሰው የቆርቆሮ ሣጥን ታቅፎ ቦሌ በር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል መቆሙ ግን በየትኛውም መጽሐፍ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

በፊልሙ መጨረሻ የሠራተኞቹ ስም ሲዘረዘር «ድምፅ» የሚል ቃል ይመጣል፤ ከፊት ለፊቱ ምንም የለም። አንዳንዱ የማተሚያ ስሕተት መሰለው፤ በውጭ አገር ያሳተሙት የፕሮግራም ወረቀት ቦታውን «ያልታወቀ» በሚል ቃል ሞላው። ከፊልሙ በኋላ አንድ የጋዜጣ ሰው መኪያን ቀረብ ብሎ፣ ይህ የድምፅ ባለሙያ በጦርነቱ የሞተ እንደ ሆነና ባዶው ቦታ መታሰቢያው እንደ ሆነ በአክብሮት ጠየቃት።

«የለም፤ በሕይወት አለ» አለችው። «ሞቶ ቢሆን ስሙን እጽፈው ነበር።»